የሰው መከራ የማታ መዝናኛ ሲሆን

በአገራችን ሰው በሰው እጅ ሲገደል ጎረቤትና ዘመድ ሐዘን ቤት ይሰበሰባል። እናትዬዋን «አላህ ሶብሩን ይስጥሽ» ይሏታል፤ ለሟች ዱዓ ያደርጋሉ፤ ከፊሉ ውሃ ይቀዳል፣ ከፊሉ ቡና ያፈላል። ከለቀስተኞቹ መካከል አንዱ ተነስቶ «እስቲ ልጅሽ እንዴት እንደተገደለ ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪን፤ ምሽቱን እንጫወትበት» ቢል ምን ይባል ይሆን? ሽማግሌዎች ገሥጸው ከበር ያስወጡታል። የሰው ሐዘን የጨዋታ ማድመቂያ አለመሆኑን ለማወቅ ኪታብ መቅራት አያስፈልግም። ጤናማ ኅሊና ያለው ሁሉ ያውቀዋል።

ይሁንና ይኸው ነገር በቴሌቪዥን ሲመጣ አይከብደንም። በእርግጥ የተፈጸመ ግድያ፣ በእርግጥ የተደፈረች ሴት፣ በእርግጥ የታፈነ ሕፃን ታሪክ ተዋናይ ተመርጦለት፣ ሙዚቃ ታክሎበት፣ በአሥር ክፍል ተከፋፍሎ ይቀርብልናል። ቤተሰብ ከዒሻ ሶላት በኋላ ሰብሰብ ብሎ፣ ወጣቱ ደግሞ በእጅ ስልኩ ብቻውን ሆኖ ይመለከተዋል። አንዱ ክፍል ሲያልቅ «ቀጥሎ ምን ይመጣ ይሆን?» እያልን እንጓጓለን። የምንጓጓለት ነገር ግን ደራሲ ከልቡ ያፈለቀው ተረት አይደለም፤ አንዲት እናት እስከ ዛሬ የምታለቅስበት ጉዳይ ነው።

ለመሆኑ ይህ ተገቢ ነውን? እውነተኛ ወንጀልን በድራማ ማሳየት ሁልጊዜ ጥፋት ነው? ወይስ የሚደገፍበት፣ ከዚያም አልፎ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ? በዚህ ጽሑፋችን ጥያቄውን በእርግጠኛ ምሳሌዎች እያስደገፍን ለመመልከት እንሞክራለን።

ካሜራው ማንን ይከተላል?

በመጀመሪያ እንዲህ ዓይነቱ ድራማ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይጠቅማል። ድራማ አንድ ነገር የሚያደርግ ሰው ይፈልጋል። በግድያ ታሪክ ውስጥ የሚያቅደው፣ የሚያደባው፣ የሚያመልጠው ገዳዩ ነው። ስለዚህ ካሜራው ሳያስበው እንኳ እርሱን መከተል ይጀምራል። ገዳዩ የልጅነት ታሪክ ይኖረዋል፤ ብቸኝነቱ፣ ኀዘኑ፣ ከአባቱ ጋር የነበረው ጠብ ይተረካል፤ መልከ መልካም ተዋናይም ይመደብለታል። ሟቹስ? ሟቹ ለጥቂት ደቂቃ ብቅ ይልና ይሞታል። ሕልሙ፣ ቤተሰቡ፣ ሥራው አይታወቅም። ተመልካች ፊልሙን ሲጨርስ የገዳዩን ስም ያስታውሳል፤ ከሟቾቹ ግን የአንዱን እንኳ ስም መጥራት ያቅተዋል።

ሁለተኛው ነገር ፈጠራው ነው። በተዘጋ በር ውስጥ የተባለውን ከአላህና ከሁለቱ ሰዎች በቀር የሰማ የለም። ከሁለቱ አንዱ ሞቷል። ስለዚህ ደራሲው ንግግሩን ከራሱ ይጽፈዋል። ሁለትና ሦስት ሰዎችን አጣምሮ አንድ ገጸ ባሕርይ ያደርጋል፤ በዓመታት ውስጥ የሆነውን በአንድ ቀን ያጨናንቀዋል። ይህ በድራማ ሥራ የተለመደ ነው። ችግሩ በመግቢያው ላይ «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» የሚል ጽሑፍ መኖሩ ነው። ተመልካቹ ከፍርድ ቤት መዝገብ የመጣው የቱ፣ ከደራሲው ብዕር የመጣው የቱ እንደሆነ የሚለይበት መንገድ የለውም። ሁሉንም እውነት ብሎ ይቀበላል።

የሚሊዋኪው ገዳይ

ነገሩን በምሳሌ እንመልከት። ጄፍሪ ዳህመር የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. ከ1978 እስከ 1991 ባለው ጊዜ ውስጥ፣ በአብዛኛው በሚሊዋኪ ከተማና በአካባቢዋ፣ 17 ወንዶችንና ታዳጊ ልጆችን ገድሏል። ከሟቾቹ የሚበዙት ጥቁሮች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 አንድ የ14 ዓመት ልጅ ከገዳዩ ቤት ወጥቶ መንገድ ላይ ሲንገዳገድ ያዩ የሠፈሩ ሴቶች ፖሊስ ጠርተውለት ነበር። የመጡት ፖሊሶች ግን የሴቶቹን ጩኸት ትተው የገዳዩን ቃል አምነው ልጁን መልሰው አስረከቡት። ልጁም ወዲያው ተገደለ። ገዳዩ የተያዘው ከሁለት ወር በኋላ ነው። በ1992 ዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት፤ በ1994 እስር ቤት ውስጥ በሌላ እስረኛ እጅ ተገደለ።

ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022፣ ኔትፍሊክስ የተባለው ድርጅት በዚህ ሰው ታሪክ ላይ 10 ክፍል ያለው ድራማ አቀረበ። ድርጅቱ እንዳስታወቀው ድራማው በ60 ቀናት ውስጥ ከ1 ቢሊዮን ሰዓት በላይ ታይቷል። ገዳዩን ሆኖ የተጫወተው ተዋናይ በጥር 2023 ጎልደን ግሎብ የተባለውን ትልቅ ሽልማት ተቀበለ። በጥቅምቱ ማብቂያ አሜሪካውያን ልዩ ልዩ ልብስ ለብሰው በሚጫወቱበት የሃሎዊን በዓል ሰዎች የገዳዩን አለባበስ መሸጥና መግዛት ጀምረው ነበር። ኢቤይ የተባለው የንግድ ድርጅት እነዚህን ልብሶች ከገበያው እስከ ማስወጣት ደርሷል።

ከሟቾቹ የአንዱ እህት እ.ኤ.አ. በ1992 ፍርድ ቤት ቀርባ ገዳዩ ፊት በምሬት ተናግራ ነበር። ድራማው ያንን ንግግሯን፣ አለባበሷንና ጩኸቷን ሳይቀር በተዋናይት አስመስሎ አሳየው። እህትየዋ ከዚያ በኋላ በጻፈችው ጽሑፍ ማንም እንዳልጠየቃት፣ ትዕይንቱን ስታይ ያ ቀን እንደገና እንደመጣባት፣ አዘጋጆቹ በሰው መከራ ገንዘብ እየሠሩ መሆናቸው እንዳሳዘናት ገልጻለች። ገንዘቡ ለሟቾቹ ልጆች ቢደርስ እንኳ ነገሩ ይህን ያህል የከፋ መስሎ እንደማይታያትም ጠቁማለች።

በበኩላቸው ከድራማው ፈጣሪዎች አንዱ የሆኑት ራየን መርፊ ዝግጅቱ በቆየባቸው ሦስት ዓመት ተኩል ውስጥ ወደ 20 የሚሆኑ የሟቾችን ቤተሰቦችና ወዳጆች ለማነጋገር እንደሞከሩ፣ ነገር ግን መልስ የሰጠ አንድም ሰው እንዳላገኙ ተናግረዋል። ዓላማቸው ሟቾቹን ማሰብና የፖሊስን ቸልተኝነት ማጋለጥ እንደነበረም አስረድተዋል። ፍትሐዊ ለመሆን ይህንን መጥቀስ ይገባናል። ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ ይቀራል። ደብዳቤ ተጽፎለት መልስ ያልሰጠ ሐዘንተኛ ፈቀደ ሊባል ይችላልን? በእኛ ባህል በሩን አንኳኩተን ካልተከፈተልን እንመለሳለን እንጂ ሰብረን አንገባም።

ሕግ የፈቀደው ሁሉ

በአሜሪካ ሕግ በፍርድ ቤት የተነገረ ነገር የሕዝብ መዝገብ ነው። ፊልም ሠሪው ከመዝገቡ ወስዶ ለመሥራት የተጎጂውን ቤተሰብ ፈቃድ እንዲጠይቅ አይገደድም። ወንጀለኛው ራሱ ከወንጀሉ ታሪክ ገንዘብ እንዳያገኝ ለመከልከል የኒው ዮርክ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1977 ሕግ አውጥታ ነበር። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1991 የመናገር ነፃነትን ይጋፋል ብሎ ያንን ሕግ ሻረው፤ ግዛቲቱም ኋላ በሌላ መልክ አሻሽላ አወጣችው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ሕጉ ያሰበው ወንጀለኛው እንዳይጠቀም ብቻ መሆኑ ነው። ሦስተኛ ወገን በዚያው ታሪክ ሚሊዮኖችን ቢያተርፍ ግን ሕጉ አይመለከተውም።

ሕግ ያልከለከለው ሁሉ ግን ሐቅ ነው ማለት አይደለም። አንድ ሰው በፍርድ ቤት ሳይከሰስ በአላህ ዘንድ የሰው ሐቅ ሊኖርበት ይችላል።

የሚጠቅምበትም ጊዜ አለ

ከዚህ ተነስተን «እንግዲያው ወንጀል በቴሌቪዥን ጨርሶ አይነሳ» ብንል ስህተት ላይ እንወድቃለን። በእንግሊዝ አገር የሆነውን እንመልከት። እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2015 ድረስ ከ900 በላይ የሚሆኑ አነስተኛ ፖስታ ቤቶችን የሚያስተዳድሩ ሰዎች ገንዘብ አጉድላችኋል ተብለው ተፈርዶባቸው ነበር። ጉድለቱን ያሳየው ሆራይዘን የተባለው የኮምፒዩተር ሥርዓት ሲሆን፣ ስህተቱም የሥርዓቱ ነበር። ንጹሐን ታሰሩ፤ ቤታቸውን ሸጡ፤ ራሳቸውን ያጠፉም ነበሩ። ጋዜጦች ለዓመታት ጻፉበት፤ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2019 ሥርዓቱ ብልሽት እንዳለበት አረጋገጠ፤ ይሁንና አብዛኞቹ ፍርዶች እንዳሉ ቀሩ። በጥር 2024 መጀመሪያ አይቲቪ የተባለው ጣቢያ ታሪኩን በአራት ክፍል ድራማ አሳየ። በቀናት ውስጥ አገሩ ሁሉ ተነሳ። በዚያው ጥር 10 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትሩ የተበደሉትን ነፃ የሚያወጣ ሕግ እንደሚወጣ አስታወቁ፤ ሕጉም በግንቦት 2024 ጸደቀ። ይህ ድራማ የተበዳዮችን ሐቅ አስመልሷል።

ለሙስሊም ወጣቶች ይበልጥ የሚቀርበው ደግሞ የዩሱፍ ሰላም ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1989 በኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ አንዲት ሴት በጭካኔ ተደብድባ ተደፈረች። ፖሊስ ከ14 እስከ 16 ዓመት የሆናቸው አምስት ጥቁርና የላቲን አሜሪካ ዝርያ ያላቸው ልጆችን ይዞ ከሰሰ። ከእነርሱ አንዱ የ15 ዓመቱ ሙስሊም ልጅ ዩሱፍ ነበር። ልጆቹ ባልሠሩት ተፈረደባቸው፤ ዩሱፍም ሰባት ዓመት ገደማ ታሰረ። እ.ኤ.አ. በ2002 እውነተኛው ወንጀለኛ አመነ፤ የዘረመል ምርመራም አረጋገጠበት፤ የአምስቱም ፍርድ ተሰረዘ። ከተማዋ በ2014 41 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ለመክፈል ተስማማች። በ2019 ኤቫ ዱቨርኔ የተባለች ዳይሬክተር አምስቱንና ቤተሰቦቻቸውን አነጋግራ፣ ታሪካቸውን በእነርሱ ዓይን እያየች ባለአራት ክፍል ድራማ ሠራች። ዓለም የልጆቹን ስም በንጽህና አወቀው። ዩሱፍ ሰላም በ2023 የኒው ዮርክ ከተማ ምክር ቤት አባል ሆኖ ተመረጠ።

ነገር ግን ይህ መልካም ሥራ እንኳ ከጣጣ አላመለጠም። በጉዳዩ ጊዜ በዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤት ኃላፊ የነበሩት ሊንዳ ፌርስታይን በድራማው ውስጥ ያላልኩትን እንዳልኩ፣ ያልሠራሁትን እንደሠራሁ ተደርጌያለሁ ብለው በ2020 የስም ማጥፋት ክስ መሠረቱ። ክሱ በሰኔ 2024 በስምምነት ተዘጋ። ኔትፍሊክስ 1 ሚሊዮን ዶላር ንጹሐን እስረኞችን ለሚረዳ ድርጅት ለመስጠት ተስማማ፤ አንዳንዱ ንግግርና ሁኔታ ፈጠራ መሆኑን የሚገልጸው ጽሑፍም ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እንዲዛወር ተደረገ። ለተበደለ ስንቆም እንኳ በሌላው ላይ ያልተናገረውን ቃል መጫን እንደማይገባን ይህ ያስተምረናል።

በአገራችንም ደርሷል

ጉዳዩ የባዕድ አገር ብቻ እንዳይመስለን። እ.ኤ.አ. በ1996 አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ በጠለፋ ተወስዳ፣ ተደፍራ፣ ለማምለጥ ስትሞክር ጠላፊዋን በጥይት ገደለችው። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጥብቅና ቆሞላት ራሷን ለመከላከል ያደረገችው መሆኑ ታምኖ ነፃ ወጣች። በዚያን ጊዜ በሥራ ላይ በነበረው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ይድን ነበር። ይህ አንቀጽ እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው የወንጀል ሕግ ቀርቷል።

በዚህ ታሪክ ላይ ተመሥርቶ «ድፍረት» የተሰኘው ፊልም እ.ኤ.አ. በ2014 ተሠራ፤ በሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫልም በተመልካቾች ምርጫ ተሸለመ። ነሐሴ 28 ቀን 2006 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሊመረቅ ተመልካች ተሰብስቦ ሳለ ግን ከፍርድ ቤት የእግድ ትእዛዝ መጣ። የታሪኩ ባለቤት፣ ያቺ የያኔዋ ልጅ፣ ሕይወቴን ያለ ፈቃዴ ፊልም አደረጉት ስትል አቤቱታ አሰምታ ነበርና ነው። ስሟን ብዙዎች ቢያውቁትም እኛ እዚህ አንጽፈውም።

እዚህ ላይ ነገሩ ከባድ ይሆናል። የፊልሙ ዓላማ ጠለፋን መቃወም ነው፤ ይህ ደግሞ መልካም ዓላማ ነው። ቢሆንም ጠለፋ ማለት አንዲትን ልጅ ፈቃዷን ሳይጠይቁ መውሰድ አይደለምን? ጠለፋን የሚያወግዝ ሥራ የተጠለፈችውን ፈቃድ ከማንም በላይ ሊያከብር ይገባዋል። የመልካም ዓላማ መኖር የባለቤቱን ሐቅ አይሰርዝም።

ቁርኣን በደልን እንዴት ይተርካል?

ውድ አንባቢያን፣ ቅዱስ ቁርኣን ራሱ የተፈጸሙ ወንጀሎችን ይተርካል። ስለዚህ በእኛ ዘንድ ጥያቄው «ይነገር ወይስ አይነገር?» ሳይሆን «እንዴት ይነገር?» የሚል ነው። በሱረቱል ማኢዳ የአደም ልጅ ወንድሙን የገደለበት ታሪክ ተጠቅሷል። ግድያው በአንዲት አጭር አያ ያልፋል። በምን እንደገደለው፣ ደሙ እንዴት እንደፈሰሰ አይነገርም። የሟቹ አላህን መፍራት፣ የገዳዩ ኪሳራና ጸጸት ግን ይነገራል። ወዲያውም አንዲትን ነፍስ ያለ አግባብ መግደል የሰውን ዘር ሁሉ እንደ መግደል መሆኑ ይታወጃል።

ሱረቱ ዩሱፍም እንዲሁ ነው። ወንድምን ጉድጓድ መጣል፣ ነፃ ሰውን መሸጥ፣ በሐሰት መወንጀል፣ ንጹሕን ማሰር ሁሉም በውስጧ አሉ። ታሪኩ የሚከተለው ግን በዳዮቹን ሳይሆን ተበዳዩን ነቢዩ ዩሱፍን (ዐ.ሰ.) ነው። የወነጀለችው ሴት ስም በቁርኣን አልተጠቀሰም። መጨረሻውም ይቅርታና ትምህርት ነው።

በሱረቱ ኒሳእ ደግሞ አላህ (ሱ.ወ.) ክፉን ነገር በአደባባይ ማውራትን እንደማይወድ፣ የተበደለ ሰው ግን ከዚህ ውጪ መሆኑን ያስተምረናል። በደልን የመናገር የመጀመሪያው ባለመብት ተበዳዩ ነው ማለት ነው። ኢማም ነወዊም (ረሒመሁላህ) ሐሜት የሚፈቀድባቸውን ስድስት ሁኔታዎች ሲዘረዝሩ የተበዳይን አቤቱታ፣ መጥፎ ነገርን ለማስወገድ እርዳታ መጠየቅንና ሰዎችን ከጉዳት ማስጠንቀቅን ጠቅሰዋል። ጊዜ ማሳለፊያ ከስድስቱ ውስጥ የለም።

በእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ላይ የሐሰት ወሬ በተናፈሰ ጊዜ በሱረቱ ኑር የተወቀሱት ወሬውን የፈጠሩት ብቻ አልነበሩም። ቀላል ነገር መስሏቸው ከምላስ ወደ ምላስ ያቀባበሉትም ተወቅሰዋል። ይህ ተግሣጽ ዛሬ ለእኛ ለተመልካቾቹም ይደርሳል።

በቤታችን ምን እናድርግ?

ድራማውን የሚሠሩት ሰዎች ሩቅ ናቸው፤ መክፈቻው ግን በእጃችን ነው። እውነተኛ ወንጀልን የሚያሳይ ፊልም ፊት ስንቀመጥ ወላጆችም ወጣቶችም እነዚህን አራት ጥያቄዎች እንድናነሳ እንመክራለን።

1ኛ/ ተበዳዩ ወይም ቤተሰቡ ተጠይቋል ወይ? ሥራው የእነርሱ ድምፅ ያለበት ነው ወይስ በእነርሱ ላይ የተሠራ?

2ኛ/ ታሪኩ የማንን ሕይወት ያሳውቀናል? ከጨረስን በኋላ በልባችን የሚቀረው ሟቹ ነው ወይስ ገዳዩ?

3ኛ/ የሚመለስ ሐቅ አለ ወይ? የታሰረ ንጹሕ፣ ያልተቀጣ በዳይ፣ የሚስተካከል ሕግ አለ? ወይስ ነገሩ ሁሉ ድንጋጤና ጉጉት ብቻ ነው?

4ኛ/ የተፈጠረው ከተረጋገጠው ተለይቶ ተነግሮናል ወይ? ካልተነገረን ያየነውን «እንዲህ ሆኗል» ብለን ለሌላ ማውራት የለብንም። የሰማውን ሁሉ የሚያወራ ሰው ከውሸት እንደማያመልጥ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስጠንቅቀውናል።

መልሱ መጥፎ ሆኖ ካገኘነው መዝጋት ነው። ልጆች «ለምን ተዘጋ?» ሲሉ ዝም ማሰኘት አይበቃም፤ «ይህ የሞተው ልጅ እናት አለችው፤ ሐዘኗ የእኛ ጨዋታ እንዳይሆን ነው» ብለን ምክንያቱን እንንገራቸው። ልጅ ይህን ይረዳል።

ከዚህ ሌላ ወጣቶቻችን አንድ ነገር ልብ እንዲሉ እንፈልጋለን። ዛሬ ስልክ የያዘ ሁሉ አሠራጭ ሆኗል። በሠፈር አንድ ሰው ሲገደል ፎቶግራፉ እናቱ ሳትረዳ በቴሌግራም ይዞራል። አሟሟቱ በቲክቶክ በሙዚቃ ታጅቦ ይተረካል፤ ከሥሩ የሳቅ ምልክት ይደረደራል። ይህን የሚያደርገው የውጭ አገር ድርጅት አይደለም፤ እኛው ነን። ሌላውን ከመውቀሳችን በፊት በእጃችን ያለውን እናቁም። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርሰን ለሌላ አለማስተላለፍ፣ ለሟች ዱዓ ማድረግ፣ ጠቃሚ መረጃ ከሆነም ለፖሊስ መስጠት ይበቃናል።

በደል የደረሰበት ሰው አንድ ጊዜ በበዳዩ እጅ ተጎድቷል። ታሪኩ እንዲነገርለት ሲፈልግ ጆሮ እንስጠው፤ እንዲሸፈንለት ሲፈልግ እንሸፍንለት። የሙስሊምን ነውር የሸፈነ ሰው አላህ በዱንያም በአኺራም እንደሚሸፍንለት ተምረናል፤ የተበደለን ሐዘን መሸፈን ደግሞ ከዚህ አያንስም።

አላህ (ሱ.ወ.) ዓይናችንንም ጆሯችንንም ምላሳችንንም ከሰው ሐቅ ይጠብቅልን፤ የተበደሉትንም ያጽናናልን። አሚን።